የሀዋ መዳኛ ዋጋ

ኅዳር ፲፫፥ ጠዋት።
ሳማ አጨድኩ። እጄ ተቃጠለ። ሀዋን ግን ዛሬ አልገረፍኳትም፣ አያስፈልግም። ግንዱ ላይ በእግር ብረት እንደታሰረች ስሟን ጠየቅኳት፣ ነገረችኝ። አገሯን ጠየቅኳት፣ አሶሳ አለች። ባሏ የወርቅ ጉድጓድ ተደርምሶበት እንደሞተም በገዛ አፏ አወራች። አለቀሰች፣ ቀጥላ ገንፎ ጠየቀች። ድናለች! ስማ አንተ ወረቀት፣ ያዳንኳት እኔ ነኝ። የእነሱ ፈቂ የቁርኣን ቃል ሦስት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ አጥቦ አጠጥቷት አልቻለም።
ወንድሟ ሀሚድ ለሥሩ ፍየል፣ ለሳማው አሞሌ ከፍሏል። ለማናገሩ አንድ ወቄት ወርቅ ይቀራል። በየንጋቱ ከእብድ ጋር ማውራት ቀላል ነው? ደንቤን አገር ያውቀዋል። የዳነ ሰው ወርቁን በራሱ እጅ፣ ሽማግሎች ፊት ይመዝንልኛል። ሚዛን ካቆመ ድኗል። ካላቆመ ወርቅ የለም።

፲፮፥ ኪዳነ ምሕረት።
ተዋረድኩ። ሽማግሎች ተቀምጠው፣ ሀሚድ ቋጠሮውን ፈትቶ፣ ሀዋ የሚዛኑን ሳህን አናቷ ላይ ደፍታ እንደ ዶሮ ጮኸች።
«ያ ሐኪም፣ እሷ ገና እብድ ነው» አለ ሀሚድ። «ወላሂ፣ ያንተ ሳማ ፍየል እንኳ አያድንም!»
ሽማግሎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ወርቁን መልሶ ቋጥሮ ሄደ። እህል አልቀመስኩም።

፲፯፥ ከሰዓት።
ማሽላ ልቀሚ ብዬ ሰጥቻት ጓሮ ዞርኩ። በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ጠጠሩን አንድ በአንድ እያወጣች ታንጎራጉራለች። ገባሁባት። እንደ ዶሮ ልትጮኽ አፏን ከፍታ ተወችው። እግሬ ላይ ወደቀች።
ነገሩ ይኸ ነው፣ የሰማችውም ከዳነች በኋላ ነው። ሀሚድ ከሱዳን ለመጣ አንድ ጀላባ ነጋዴ ሊድራት ጥሎሽ በልቷል። ነጋዴው ሱዳን ይወስዳታል፤ ትንሽ ልጇን አይወስድም። እብድ ከሆነች ግን አይፈልጋትም። አልዳነችም በል ብላ ለመነችኝ።
«እፈጭልሃለሁ አቡይ፣ ውሃ እቀዳልሃለሁ፣ እስክትሞት።»
እስክትሞት! ሞቴንም አሰበችልኝ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ወፍጮው ዝም ብሏል፣ እውነት ነው። ልቤ ራራ ሲል ያ ሳቅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ትቻት ወጣሁ።

፲፱፥ ገብርኤል።
ገበያ ወረድኩ። «ሳማ አጫጁ መጣ!» ጎመን ሻጯ ሳትቀር። እ/ር ይይላት። እኔ ከጎጃም ድረስ ሥር ተሸክሜ የመጣሁ ሰው!
መላ አገኘሁ። ለሀሚድ ላክሁበት፦ ወርቁንም የሀዋን ልጅም ይዘህ ና። ልጇ ፊቷ ቆማ እብድ መሆን ትችል እንደሆነ አያለሁ።

፳፥ ቀትር።
መጡ። ሀዋ ጀመረች። ጮኸች፣ አፈር በተነች። ልጅቱ ሀሚድ ጀለቢያ ሥር ተሸሸገች፣ እናቷን ላለማየት ፊቷን ሸፈነች። ሀዋ ያንን አየች። ጩኸቱን ተወች። አፈሩን ከፊቷ ጠረገች።
«ነዪ እናቴ፣ ደህና ነኝ» አለቻት።
ማንም ሳያዛት ሚዛኑን አነሳች። በአንዱ ሳህን ለወቄት ልክ ጠገራ ብር፣ በሌላው ወርቅ። ልክ ሆነ። ሽማግሎቹ እሰይ ባለመድኃኒቱ አሉ። እግር ብረቱን ፈታሁ። ሀሚድ በቅሎ ላይ ጫናት። ልጅቱን ለአያቷ እሰጣለሁ አለ። ልጅቱ ከበቅሎው ኋላ ሮጠች፣ አንዱ ሽማግሌ ያዛት።
ሀዋ ስታልፍ «አድነኸኛል አቡይ» አለችኝ። ምነው በሰደበችኝ!

፳፫፥ ጊዮርጊስ።
ከካማሺ አንድ ጎረምሳ ታስሮ መጣ። ልብሱን ቀዶ ጨርሷል። አባቱ ደንቤን ሰምቷል፣ ልጄ ሲድን ራሱ ይመዝንልሃል አለኝ። አይሆንም አልኩ። ወርቁን ዛሬ፣ አንተው መዝን። ደንቡ መቼ ተለወጠ አለኝ። ዛሬ አልኩት። ከእንግዲህ የዳነ ሰው ፊቴ ቆሞ አይመዝንም።