የእናትሽን ካሜራ ለእሱ ሰጠሽ

ውድ ልጄ፣

ጎረቤቴ «እኔ ልጻፍልዎ» ቢለኝ እምቢ አልኩት። የአባት ነገር በሰው እጅ አይጻፍም። ፊደሌ ቢንጋደድም ታግሠሽ አንብቢው። እኔ ደህና ነኝ። ቂሜም ደህና ነው።

ባለፈው ደውለሽ፣ «የእማዬን ካሜራ ለአባባ ሰጠሁት፤ ይሠራልኛል» አልሽኝ። አባባ! የባልሽን አባት ማለትሽ ነው። እኔንስ ከእንግዲህ ማን ልትዪኝ ነው? ያቺን ካሜራ እናትሽ ሞታ እስክትለየን ከአንገቷ አላወረደቻትም። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ብስክሌት ስጠግን ኖሬ፣ የገዛ ቤቴ ዕቃ ሲበላሽ ለሌላ ይሰጣል?

ነገሩ የካሜራ ብቻም አይደለም። እናትሽን የቀበርን ዕለት ያለቀስሽው እሱ ትከሻ ላይ ነው። እኔ ለሰው ወንበር እደረድር ነበር። ዞር ስል የእሱ ኮት በእንባሽ ርሷል፤ የእኔ ደረቅ ነው። እስከ ዛሬ ያንን ኮት ሳየው አንጀቴ ያርራል። ቅናት ነው ካልሽኝም፣ አዎ፣ ቅናት ነው።

ስለዚህ በዚህ ዕድሜዬ ካሜራ መጠገን ልማር ብዬ ተነሣሁ። ከአሮጌ ዕቃ ሻጩ ሁለት የተበላሹ ገዛሁ። በእኛ ሙያ አልዞር ያለ ነገር ዘይት ይጠጣል፤ አንደኛውን አጠጣሁት። ብርሃን ለቅጽበት አስገብቶ የሚዘጋው መዝጊያ፣ ስስ ቅጠሎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ቀሩ። ሻጩ አይቶ በሳቅ ሊሞት።

«ጋሽዬ፣ የብስክሌት ካቴና መሰለዎት እንዴ?»

«ዝም በል! መጀመሪያም የሸጥክልኝ ሬሳ ነው።»

ለካ ቅጠሎቹ ደረቅ መሆን አለባቸው። ሁለተኛውን ቤንዚን በነካ ጥጥ ቀስ አድርጌ ጠረግሁት፤ «ጠቅ» አለ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ልቤ አበጠና፣ ሳልነግርሽ አማትሽ ዘንድ ሄድኩ። ጥፍሩ እንደ ሙሽራ ንጹሕ፣ መነጽሩ በክር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ተቀበለኝ።

«ካሜራዋን ልወስድ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«ይውሰዱ እንጂ! እስካሁን ያልነካኋት እኮ እርስዎ ይመጣሉ ብዬ ነው። የባለቤትዎ አይደለች?»

ምናለ ክፉ ሰው በሆነ! እንዴት ባረፍኩ ነበር።

በር ድረስ ሸኝቶኝ፣ «የፊቱን ሌንስ ከመፍታትዎ በፊት የነበረበትን ቦታ ምልክት ያድርጉበት። አለዚያ ፎቶው ይደበዝዛል» አለኝ።

«እኔ ብሎን የፈታሁት አንተ ሳትወለድ ነው!» አልኩት፤ በዕድሜ እንደሚበልጠኝ እያወቅኩ።

ምልክቱን አላደረግኩም። ረስቼ አይደለም። ካደረግኩ የጠገናት እሱ ይሆናል ብዬ ነው።

መዝጊያዋን ጠርጌ ስሞክራት እንደ ድሮዋ «ጠቅ» አለች። እናትሽ ከጓዳ ብቅ ያለች መስሎኝ ዞር አልኩ። ሌንሱን መለስኩ፤ ፊልም አስገብቼ በራችንን፣ ዛፉን፣ እሷ የምትቀመጥበትን ወንበር አነሣሁ። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ሁሉም ጉም ነው። ያ ሌንስ እንደ ብሎን የሚዞር ነው፤ ከብዙ ቦታ ጀምረው ቢያዞሩት ይገባል፤ ልኩ ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ እኔ አላውቀውም። ፈታሁ፣ አሰርኩ፣ እንደገና ፈታሁ። ያው ጉም።

እንግዲህ ወይ ደብዛዛ ካሜራ በኩራት ላስረክብሽ፣ ወይ እዚያ ሰውዬ ደጅ ልመለስ። ብዙ አሰብኩ። የራሴ ነገር ቢሆን እንደተበላሸ ይዤው እቀበር ነበር። እናትሽ ግን ዓለምን ያየችበትን መስታወት አጨልሜ አልሰጥሽም።

ቅዳሜ ይዣት እሄዳለሁ። እሱ ቦታውን ያሳየኝ። ካቻቢቴውን የምይዘው ግን እኔ ነኝ፤ ከእጄ ሊቀማኝ ቢሞክር ጥዬው እወጣለሁ፤ ኋላ አልሰማሁም እንዳትዪ።

አንቺም እዚያው ነዪ። ካሜራዋ ጥርት አድርጋ ያሳየች ዕለት መጀመሪያ የምንነሣው አንቺና እኔ ነን። እሱ ያንሣን፤ ፈቅጃለሁ። አንሺ ፎቶው ውስጥ አይገባማ።

የወለደሽ አባትሽ