ፎቶህን ተቀበሉት

ውድ ካፒቴኔ፣

ተቀበሉት። ሌላ ወሬ ሳላስቀድም ይህን ልንገርህ፤ አንተም ብትሆን መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነበር። ሃያ ሦስት ጊዜ የመለሰብህ ያ የአውሮፕላን ፎቶ ድረ ገጽ ባለፈው ሰኞ ከምሳ በኋላ "ፎቶዎ ተቀባይነት አግኝቷል" ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ስምህ አለ። ያነበብኩት ፎቶ ቤት ሆኜ፣ ለጉርድ ፎቶ የተቀመጡ ሰውዬ ከፊቴ እየጠበቁኝ ነው። "እንኳን ደስ ያለህ" ልልህ ስልኬን አንስቼ ቁጥርህ ላይ ደርሻለሁ። ከዚያ ነው ትዝ ያለኝ። ሰውዬው "ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?" አሉኝ። ቀና ይበሉ ብዬ አነሳኋቸው።

ሰው ሲሰማን ረዳት አብራሪውን ለምን ካፒቴን እንደምንልህ ይጠይቅ ነበር። በስድስት ዓመትህ ወንበር ገልብጠህ ስትነዳ ሹመቱን የሰጠችህ እማዬ ናት፤ የሻረህም የለም። ሥራ ከያዝክ በኋላ ግን የምታወራው ከማብረሩ ይልቅ ስለ ፎቶው ሆነ። አውሮፕላኑ ከፍታውን ይዞ ከተረጋጋ በኋላ፣ ዋናው አብራሪ "በል አንሳ" ሲሉህ ብቻ ነበር ካሜራህን የምታወጣው። ቤት ስትመጣ ጃኬትህን ሳታወልቅ ላፕቶፕህን ከፍተህ "እታለም፣ እስቲ ይቺን እያት" ትለኛለህ።

የድረ ገጹ ሰዎችም ይመልሱብሃል። ደመናው ሲታይ ከፊታችሁ ያለው የአውሮፕላኑ መቆጣጠሪያ ይጠቁራል፤ መቆጣጠሪያው ሲታይ ደመናው የታጠበ አንሶላ ይመስላል። "ጨልሟል።" "ደብዝዟል።" "አቧራ አለበት።" አንዴማ "አድማሱ ዘሟል" ብለው የመለሱብህ ቀን ያበድከው እብደት! "አውሮፕላኑ እየታጠፈ ነው እኮ! ምን ይሁን፣ ተራራው ተነስቶ ይቁምላቸው? መሣሪያውን አያዩም እንዴ፣ እሱም ዘሟል!" እያልክ ሳሎን ውስጥ ክንድህን ዘርግተህ፣ ወደ ጎን ጋደል ብለህ ስትዞር እማዬ በሳቅ ልትሞት ነበር። የአበባ ማስቀመጫውን የሰበርከውም ያን ቀን ነው።

አሁን ሆዴ ውስጥ ያለውን ላውጣው። ፎቶ ማጽዳት ሥራዬ ነው። ያንተን ፎቶ ማስተካከል ለእኔ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር። ሦስት ጊዜ ለመንከኝ። "ቀኑን ሙሉ የሰው ብጉር ስጠርግ ውዬ ደግሞ ቤቴ ገብቼ ያንተን ደመና ልጠብ?" አልኩህ። ሳቅክና "እሺ፣ ሲመችሽ" አልክ። አልተመቸኝም። እውነቱን ልንገርህ? ቅናት ነው። እኔ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሰው አንድ ግድግዳ ሥር እያስቀመጥኩ ሳነሳ፣ አንተ ፀሐይዋን ከደመና በላይ ታነሳለህ። በመለሱብህ ቁጥር ውስጤ ትንሽ ደስ ይለው ነበር። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ላንተም ብትኖር የምነግርህ አይመስለኝም።

ከዚያ ዓመታዊው የጤና ምርመራ መጣ። ልብህን ጠረጠሩትና ከበረራ አገዱህ። ሰባት ወር ሶፋው ላይ ሆነህ እነዚያኑ ፎቶዎች ስትገለብጥ ከረምክ። ሆስፒታል የገባህ ሰሞን እጄን ይዘህ "አንዷ እንኳ ብትገባልኝ ይበቃኛል" አልከኝ። እኔም "ስትድን ቁጭ ብለን እንሠራታለን፣ አይዞህ" አልኩ። ይህን ያልኩህ እሁድ ነው። ረቡዕ ጥለኸን ሄድክ።

ላፕቶፕህን ለመክፈት ሁለት ወር ፈጀብኝ። የይለፍ ቃሉን ጽፈህ እዚያው ላዩ ላይ ለጥፈኸዋል፤ አብራሪ ሆነህ እንዲህ ዝርክርክ! መጨረሻ ላይ የላክሃትን መረጥኩ፤ ያቺን የጠዋቷን፣ ደመናው ከሥር እንደ ተበጠረ ጥጥ የተዘረጋባትን። የመለሱብህ "የቀኝ መስኮቱ ላይ ነጸብራቅ አለ" ብለው ነበር። ከሥራ መልስ ሦስት ቀን ተቀመጥኩባት። ጨለማውን ገለጥኩ፣ አቧራውን ለቀምኩ፣ አድማሱን አቃናሁ። መስኮቱ ጥግ ላይ እውነትም ቡናማ ነገር ነበር። እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፤ ስሠራ ፎቶውን እያንዳንዱ ነጥብ ምስር እስኪያክል ነው የማጎላው። እድፍ ነው ብዬ ቀስ እያልኩ ጠረግኩት። እንዲህ አድርጌ ሠርቼ አላውቅም። ስጨርስም እንደ ሥራ ልማዴ አዲሱን በአሮጌው ላይ መዘገብኩት፣ አሮጌው ጠፋ፤ ፎቶ ቤት ብጉሩን መልሽልኝ የሚል ደንበኛ የለማ። ከዚያ አንተን ሆኜ ላክሁ።

ተቀበልነው ባሉኝ ማግስት በትልቁ አትሜ ለእማዬ ወሰድኩላት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። እኔ ምርቃት እጠብቃለሁ።

"እሱስ?" አለች።

"እሱ ማን?"

"ልጄ ነዋ። እዚህ ጥግ መስታወቱ ላይ ነበር እኮ። 'እማዬ፣ ፈልጊኝ' ብሎ አሳይቶኝ፣ ስፈልግ ስፈልግ አገኘሁት። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን ነክሶ። የት ሄደ?"

እድፍ ያልኩት አንተ ነህ። በነዚያ ሁሉ ፎቶዎች ውስጥ አንተ ያለህበት እሱ ብቻ ነበር፤ በገዛ እጄ፣ ያውም ተጠንቅቄ አጠፋሁህ። ወይኔ ወንድሜን! ላፕቶፑን አገላበጥኩ፣ የካሜራህን ካርድ ፈተሽኩ፤ እሱን አንተው ራስህ አጥፍተህ ሌላ አንስተህበታል። ለድረ ገጹ ሰዎችም ጻፍኩ፤ ያልተቀበልነውን አናስቀምጥም አሉ። የቀረው ያቺን ፎቶ ሲመልሱብህ በኢሜይል የጻፉልህ ደብዳቤ ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ ፎቶህን ቴምብር በምታክል መጠን አስገብተው፣ ነጸብራቁ የቱ ጋ እንዳለ እንድታውቀው በቀይ ከበውታል። ቀዩ መሃል አለህ። ላጎላህ ስል ትበታተንብኛለህ፤ እንዳለህ ስተውህ ግን ከንፈርህን መንከስህ እንኳ ይታወቃል።

እንዳለህ በጉርድ ፎቶ መጠን አትሜ ወሰድኩላት። እማዬ መስኮቱ ጋ ወስዳ ብርሃን ላይ ያዘችህ። "ይኸው! ይኸው ልጄ!" አለች። ከዚያ ቀዩን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ "ይሄን ምን ብለው ነው የከበቡት?" አለችኝ።

"ስህተቱ እዚህ ጋ ነው ለማለት ነው፣ እማዬ።"

"ልጄ ነው ስህተቱ?"

አቅፌያት አብሬያት አለቀስኩ። ያኛውን፣ የተቀበሉትን፣ እስከ ዛሬ አራት ሺህ ሰው አይቶታል። አንዱ ከሥሩ "እንዴት ንጹህ ነው!" ብሎ ጽፎልሃል። እንዲያወጡት ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ግን አንዷ እንኳ ብትገባልኝ ያልከውን ማን ያወጣዋል? አላወጣውም። ስምህ እዚያ ይኑር፤ አንተ ከእማዬ ጋር ሁን።

በሕይወት እያለህ ስንት ጊዜ "እስቲ እያት" አልከኝ። አንዴ አጠገብህ ቁጭ ብዬ አይቼልህ ቢሆን፣ ጣትህን መስኮቱ ላይ አድርገህ "ይሄ እኔ ነኝ" ትለኝ ነበር። ይቅር በለኝ፣ ካፒቴኔ።

እታለም ያልካት
እህትህ