በስሜ የበራ መብራት

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ያስወጣሻል ወይስ አሁንም ዘማሪዎቹ ደግፈው ነው የሚያወጡሽ? እዚያ ሜምፊስ ብርዱ ጀመራችሁ? ታናሽ እህቴ ዛሪያ ጸጉሯን ስትሠሪያት ዛሬም ሰፈሩን በጩኸት ታቀልጠዋለች? እኔ ደህና ነኝ። አክስቴ ቨርኔልም ደህና ናት፤ ሶፋዋ ላይ ተጣጥፌ ስታየኝ «አንቺ ልጅ፣ እግርሽ ከሶፋዬ ረዘመ እኮ!» ትለኛለች። ቀልድ ታስመስለዋለች እንጂ መቼ እንደምወጣላት ማወቅ ፈልጋ ነው።

በስልክ «ለምን ቤት አትከራዪም?» ስትይኝ ወሬ የቀየርኩት ወድጄ አይደለም። ከምማርበት የነርስ ትምህርት ቤት አጠገብ አንዲት ክፍል አግኝቼ ነበር። አከራዩ የክሬዲት ነጥቤን፣ ያ ብድርና ሂሳብ በጊዜው መክፈሌን የሚመዝነውን ቁጥር፣ አየና «እህቴ፣ በዚህ ነጥብ የውሻ ቤትም አላከራይሽም» አለኝ። እንዴት እንደተናደድኩ! እኔ በሕይወቴ ተበድሬ አላውቅም። ያልተበደረ ሰው ነጥቡ ከየት መጥቶ ይበላሻል? ነገሩ ከነከነኝና ወደ ቁጠባና ብድር ማኅበሩ ሄድኩ። እዚያ ሚስ ፔቲግሩ የምትባል መነጽሯን በሰንሰለት ያንጠለጠለች ሴትዮ አለች።

አሁን ስሚኝማ፣ እንዲህ ያለ ጉድ ሰምተሽ አታውቂም። የተበላሸ ክሬዲት የሚጠገነው በመበደር ነው! ባንኮቹ በፖስታ የሚልኩልኝን የሚያብለጨልጭ የብድር ካርድ ማስታወቂያ ሁሉ ሰብስቤ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኩት። አንዱን ካርድ ገና ስታየው ሳቀች፤ «ይሄ ሳትጠቀሚበት ክፍያ ክፍያ እያለ ግማሹን ይበላብሻል» ብላ ወረወረችው። ሌላው ልብስ መደብር ብቻ የሚሠራ ነው፤ «ይሄ የሚያሳድገው ነጥብሽን ሳይሆን ቁም ሣጥንሽን ነው» አለች። የቀረው የራሳቸው ካርድ ነው። መጀመሪያ ገንዘቤን መያዣ አስቀምጣለሁ፣ እነሱ በዚያው ልክ ካርድ ይሰጡኛል። «እንዴ፣ የራሴን ገንዘብ ነዋ የምታበድሩኝ!» ብላት፣ «አዎ የኔ ማር፣ የምናየው ገንዘብሽን ሳይሆን ጠባይሽን ነው» አለችኝ። ካልነካሁት አይረባም፤ አሟጥጬ ከተጠቀምኩበትም ነጥቤ ይወርዳል። ትንሽ ቤንዚን በሱ መቅዳትና በጊዜው መክፈል ነው። ጥያቄዬ አላልቅ ሲል ከኋላዬ የተሰለፉ ሽማግሌ «ልጄ፣ ማኅበሩን ልትገዢው ነው እንዴ?» አሉ። ሁሉም ሳቀ።

ከዚያ ሚስ ፔቲግሩ ነጥቤን ያበላሸውን ነገር ከኮምፒውተሯ አወጣችልኝ። ሳይከፈል የተተወ የመብራት ሂሳብ ነው። አድራሻው የድሮው ቤታችን፣ ስሙ የኔ። ከመነጽሯ በላይ አየችኝና «ዘጠነኛ ክፍል እያለሽ ነው መብራት ያስገባሽው?» አለችኝ።

ያ በረዶ የጣለበት ሳምንት መጣብኝ። መብራት ተቆርጦብን ሦስታችንም ካፖርታችንን እንደለበስን አንድ አልጋ ላይ ተኛን። መብራቱ ሲመጣ መጥበሻውን ይዘሽ ወጥ ቤት ውስጥ ጨፈርሽ፤ ለእራት ፓንኬክ ጋገርሽልን። እንዴት እንደመጣ ማናችንም አልጠየቅንሽም።

ሚስ ፔቲግሩ ሁለት መንገድ እንዳለኝ ነገረችኝ። ሂሳቡን በስሜ የከፈተውን ሰው ለፖሊስ ከጠቆምኩ ዕዳው ይሰረዝልኛል፣ ክፍሏም አታመልጠኝም። ካልሆነ ካርዱን ይዤ ዓመት ያህል መታገስ ነው። «ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት። ያመነችኝ አይመስለኝም፤ ግን ሌላ ሳትጠይቀኝ የካርዱን ማመልከቻ ወደኔ ገፋችልኝ።

ፈረምኩ። ክፍሏን ሌላ ሰው ተከራያት። አልዋሽሽም እማዬ፣ መኪና ውስጥ አለቀስኩ፤ ተናድጄብሽም ነበር። አሁን ንዴቱ በርዶልኛል፤ ሁሉም ባይሆን አብዛኛው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የጋዝ ኩባንያው ዕዳ ስላለብሽ የአዲሱን ቤት ማሞቂያ ጋዝ በስምሽ አናስገባም እንዳለሽ፣ አንቺም «ግድ የለም፣ ዘዴ አላጣም» እንዳልሽ አክስቴ ነገረችኝ። ቤቱ ሳይሞቅ ብርዱ እንዳይገባባችሁ በኔ ስም አስገቢው። ወረቀቱን ላኪልኝ፣ እኔው እፈርማለሁ። የዛሪያን ስም ግን ተይው።

ጌታ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽንም ያሙቅልሽ።

የምትወድሽ
ትልቋ ልጅሽ