የመሐሉን አልለካሁም

ውድ ደሳለ፣

ጤናህን አልጠይቅህም፤ የነሣሁህ እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ እህትህ ስሜነሽ እንዳታነብልህ። በቀረችው ዓይንህ ራስህ አንብበው።

ጋሸና፣ የማኅበሩ ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ዘር ድንች ያስገባንበት ቀን ትዝ ይልሃል። ወልድያ ሦስት ቀን ሠልጥኜ የመጣሁት እኔ ነበርኩ። ከግድግዳው አንድ ክንድ ራቁ፣ ከጣሪያው በታች ክፍት ተዉ፣ በክምሩ መሐል ለአየር መሄጃ አብጁ ተብያለሁ። ግን አህያ ጭኖ የመጣው ሰው ደጁን ሞላው። ሁሉም "የእኔንም! የእኔንም!" ይላል። እኔም "እንደ ጎተራ ጠቅጥቁት" አልኳችሁ። አንተ ጆንያ እንደተሸከምክ ቆምክ።

"ሙሉሃብት፣ ይሄ ድንች በምን ሊተነፍስ ነው?"

"ሳንባ አለው እንዴ? ዝም ብለህ ተሸከም!"

ሰው ሳቀብህ።

ቴርሞሜትሩን ማራገቢያው ፊት ሰቀልኩት። በየቀኑ አራት ዲግሪ ይላል፤ በየቀኑ አራት ብዬ እጽፋለሁ። የመሐሉን አንድም ቀን አልለካሁም። ማራገቢያው ሥር ያሉትን ጆንያዎች ብርድ ሲበዛባቸው ጋቢህን አውልቀህ አለበስካቸው። "ዘር እንደ አራስ ነው፤ ነፋስ ከመታው አይሆንም" አልክ። እያየሁ አልከለከልኩህም።

ግንቦት ላይ ክምሩን ስናፈርስ መሐሉ በሙቀት በስብሶ ጥቁር ውሃ ወረደ። ትርንጎ የዓመት ዘሯን ስትዝቅ በጣቶቿ መሐል እንደ ገንፎ ሾለከ።

"አየሩን የዘጋው ይሄ ጋቢ የማነው?" አለ አንዱ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ የተማርኩት እኔ ነኛ። "እንዲህ ደርድሩ ያልኩት እኔ ነኝ" ብል ዱላው በእኔ ላይ ነበር።

"የደሳለ ነው" አልኩ።

እንዳይጠረጥሩኝ ቀድሜ በዱላዬ መታሁህ፣ ጉልበትህን። ከዚያ ሁሉም ወረደብህ። ትርንጎ በድንጋይ ጥርስህን አረገፈችው። አንተ መሬት ላይ ሆነህ "ሙሉሃብት፣ ንገራቸው እንጂ!" ትላለህ። እንዳትደግመው አፍህን ብዬ ሰነዘርኩ፤ ዓይንህን አገኘው። ሽማግሌዎቹ የማን ዱላ እንደሆነ ሲጠይቁ "በግርግር ነው፣ አልታወቀም" ተባለ። የእኔ ነው። ደምህን አጥቤ ጣሪያ ሥር ሸጉጬው ከርሟል።

ዘንድሮ በሥርዓቱ አስደረደርኩ። ትርንጎ እጇን በጆንያዎቹ መሐል ከታ፣ "አንተ፣ ነፋሱ እዚህም ይደርሳል! አምና ምን ነክቶት ነው?" አለችኝ።

ነገርኳት፤ የዱላውንም።

ትመታኛለች ብዬ ነበር። ሰው ፊት አቆመችኝ እንጂ አልመታችኝም። ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ እንድጠይቅህ ሲወስኑ ብድግ አለች።

"ድንጋዩስ የእኔ ነው፤ የወረወርኩት እኔ ነኝ። እሱ ያን ዱላ ይዞ ይሂድና በደሳለ እጅ ያስጨብጠው።"

ማንም አልተቃወማትም።

ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና አንተ እህትህ ዘንድ ያለህበት ወገል ጤና እንደርሳለን፤ እሷ ከነድንጋይዋ፣ እኔ ከነዱላዬ። ደጃፍህ ላይ ዱላውን አቀብልህና ባርኔጣዬን አወልቃለሁ። እጄን ለመከላከል አላነሣም።

ሙሉሃብት