ለሆዴ የተሰፋ ልብስ

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣቱን እሺ አለሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ ከሁሉም በላይ እማማ፣ ጤናቸው እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆታችሁና ከዚህ ከማይረባ ሆዴ በቀር ደህና ነኝ፤ ተመስገን ነው።

ይህን የምጽፍልሽ ወሬ ሳይቀድመኝ ብዬ ነው። ያ የላክሽልኝ ክኒን፣ ምግብ ይፈጫል ያልሽኝ ኢንዛይም፣ ተስማማኝ ብዬሽ አልነበር? አልተስማማኝም። ከምግብ ጋር ዋጪው ብለሽኝ ነበር። ግን እዚህ ስፌት ቤት ምሳ የምንበላው ሁላችንም በአንድ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ክኒን ሳወጣ ካዩ ለምንሽ ነው ማለታቸው አይቀርም። ሆዴ ይነፋል፣ አንዴ ይደርቃል አንዴ ይሮጣል ብዬ በሰው ማዕድ ላይ ላወራ ነው? ስለዚህ ቤቴ ገብቼ፣ ልተኛ ስል፣ በባዶ ሆዴ ነበር የምውጠው።

ሆዴ ግን ከመነፋት አልተመለሰም። ቀሚሴን በጎን በኩል ተርትሬ አሰፋሁት። ሽንት ቤት መመላለሴም፣ ወተት ሲሰጡኝ ፊቴን ማዞሬም ታየ ለካ። ባለፈው ዓርብ ሴቶቹ ከበቡኝና የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ አኖሩ። ብፈታው የሕፃን ልብስ! ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተደብቀው የሰፉት፣ ኮሌታው ጥፍር የሚያክል። ከጎኔ የምትሰፋው፣ ወሬ ስለማያድርባት ሬዲዮ የምንላት፣ ጆሮዬ ሥር መጥታ «እሰይ የኔ እህት፣ አባቱን አንጠይቅሽም» አለችኝ። ጨርቅ ቆራጩ ሽማግሌም «ተዉአት፣ እግዜር የሰጠውን ማን ይመረምራል» አሉ።

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ባሌ ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ ያውም በአርባ ስድስት ዓመቴ! አንጀቴ ነው ማለት ምላሴ ላይ ቀረና «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀበልኩ። ተቅማጥ ከማለት ዲቃላ ቀለለኝ፣ ታምኚያለሽ?

ትናንት ስትመረምረኝ የቆየችው ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ምርመራዬን አይታ፣ ክፉ በሽታ የለብዎትም፣ አንጀትዎ ቁጡ ሆኖ ነው አለችኝ። ክኒኑን ባሳያት፣ ወተት ለማይፈጭለት ሰው ለወተት የተሠራው የዚህ ክኒን ዓይነት ይረዳል፣ ለእርስዎ ግን ይጥቀም አይጥቀም በውል አይታወቅም፣ ደግሞስ በባዶ ሆድ ምኑን ሊፈጭልዎት ነው ብላ ሳቀች። የሚያስነሳብኝን ምግብ አብረን ልንለይ ተቀጣጥረናል። እንዳይከፋሽ እትዬ፣ በደህና ልብ ነው የላክሽው። ሌላ ግን አትላኪ።

ያሳፈረኝ ይኸ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ዓርብ ቤት ገብቼ ያን ልብስ ተኮስኩት። ለማን ብዬ? ተኩሼ አልጋው ላይ ዘረጋሁትና ሆዴን ዳበስኩ፤ ንፋስ መሆኑን እያወቅሁ። ይህን ካንቺ በቀር ለማንም አልናገርም።

ነገ ልብሱን ይዤ እገባና ምሳ ላይ፣ እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ፣ አንጀቴ ነው እላቸዋለሁ። ይሳቁ።

ባለቤትሽን በብዙ ናፍቆት ሰላም በይልኝ። ያንን ረባሽ ልጅሽን ጆሮውን ቆንጥጠሽ ሳሚልኝ፣ ትልቋንም እንዲሁ። የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። የሬዲዮ እህት እናንተው ሰፈር ናት፤ ወሬው ቀድሞ ደርሷት፣ እኔን «ያንቺን ልጅ ሳላይ አልሞትም» የምትለኝ እናታችን እልል ብላ ከሆነ፣ አንቺው አጠገቧ ተቀመጪና ቀስ ብለሽ ንገሪልኝ። ለስፌት ቤቱ እኔ እበቃለሁ፤ ለእሷ አልችልም።

ታናሽ እህትሽ

ከስፌት ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
እሑድ፣ ኅዳር ፱ ቀን