በሩ አጠገብ ያለው የእናትሽ ቦታ

ፍኖተ ሰላም፣ ከቤታችን
የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአምለሰት፣ ለዓይኔ ብርሃን፤

ሰላምታው ይቆየኝ። ሰላምታ ካስቀደምሁ ስለ ከብቱና ስለ እህሉ ሳወራ ወረቀቱ ያልቅብኛል፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ከከባዱ ልጀምር። እናትሽ አታምንም ነበር። እኔ ይህን እያወቅሁ፣ በአርባዋ ቀን አንቺን «የእናትሽን አጥንት አሳፈርሽው» ብዬ ከደጄ አባረርሁሽ።

ይኸው ነው። ሦስት ዓመት አንገቴ ላይ የተጋደመው ቀንበር ይኸው ነው።

ያን ዕለት ጠዋት መቼም አትረሽውም። ድንኳኑ ተተክሎ፣ ሴቶቹ ጓሮ ወጡን ሲያማስሉ፣ በረቱ ዘንድ ጠራሽኝ። በማኅበራችን የእናት ቦታ ለልጅ ነው፤ እናትሽም ከእናቷ ነው የወረሰችው። ማኅበርተኛው ያን ቀን አንቺን በእናትሽ ቦታ ሊተካ አስቦ ነበር። አንቺ ግን «አባዬ፣ የእማዬን ጽዋ አንሺ ይሉኛል። አላነሣም። ማመን ካቆምሁ ቆይቻለሁ። በማላምንበት ስም ባነሣ መዋሸት ነው። አትዋሺ ብለው ያሳደጉኝ አንቱ ነዎት» አልሽኝ። ድምፅሽ እንኳ አልጠነከረም። ምክር ልትጠይቂኝ ነበር የመጣሽው፤ አሁን ይገባኛል። እኔ ግን የምልሽን አልሁሽ። ሻንጣሽን ይዘሽ አስፋልቱ ድረስ በእግርሽ ወረድሽ። ለማኅበርተኛው «ከሥራ ተደውሎላት ሄደች» አልኋቸው። አትዋሺ ባዩ አባትሽ።

ቴዎድሮስ በኅዳር ሲሞትብሽ አልደረስሁልሽም። ባልሽ የጨዋ ልጅ ነበር፤ ነፍሱን ይማር። መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ብወጣ ከውሾች በቀር ማንም የለም። በቡሬ በኩል መኪና ይወጣል ሲሉኝ ቡሬ ድረስ በእግሬ ሄድሁ፤ መገንጠያው ላይ ቆሜ ውዬ ተመለስሁ። አንቺ ያለሽበትን አሰላን ስንት ተራራ እንደሚጋርደው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ሁሉም ደረቴ ላይ ነበር።

ከዚያ በጥር ኮረብታው ላይ ወጥቼ ኔትወርክ ባገኘሁባት ሰዓት የነገርሽኝ ነገር አለ። ቃልሽን እንዳለ ልጽፈው፤ ከጆሮዬ አልወጣምና። «ድንኳኑን በሦስተኛው ቀን አፈረሱት አባዬ። ከዚያ ወዲህ በሬን የመታ የለም። ሰዎቹ ክፉዎች አይደሉም። እድሩንም የሰፈሩን ማኅበርም ትቼ ነበር፤ የማላምንበትን ዳቦ አልበላም ብያቸው ነበር። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ቀን ጤና ጣቢያ እውላለሁ፣ የሰው ደም እመረምራለሁ። ስመለስ ቤቱ ዝም ይላል። አንዳንዴ ተኝቼ ባልነቃ ደስ ይለኛል።»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» ልልሽ አፌን ስከፍት ስልኩ ጠፋ። እንኳን ጠፋ። ያ ቃል ለእኔ ምርኩዝ ነው፤ ለአንቺ ግን ባዶ ቆርቆሮ መደብደብ ይሆን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም። በየቀኑ ኮረብታው ላይ እወጣለሁ። ስልኩን እንደ ጥላ ከፍ አድርጌ ስይዝ የሚያየኝ ሁሉ «አያ እንዳለው ሰማይ ጥግ ቤት ሊሠራ ነው» ይለኛል። እስቃለሁ። ባልነቃ ያልሽው ቃል ግን ከእኔ ጋር ይተኛል፣ ከእኔ ጋር ይነሣል። ትኖሪ አትኖሪ አላውቅም ልጄ።

አሁን ስለ እናትሽ ልንገርሽ።

ወንድምሽ ገነነ ሲታመም አንቺ ገና ጡት አልጣልሽም ነበር። እናትሽ «ልጄን ካዳንሽልኝ ጥላ አስገባለሁ» ብላ ለኪዳነ ምሕረት ተሳለች። ልጁ ዐረፈ። እሷ ግን ጥላውን ገዝታ አስገባች። «የተሳልሽው ቢድን አልነበረም ወይ?» ብላት «ቃሌን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ የእኔ ቃል ይጠበቅ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አላየሁም። ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ በየወሩ በዐሥራ ስድስት ማኅበር ትቀመጣለች፤ ለሞተ ትደርሳለች፤ ለወለደች ገንፎ ታገነፋለች። ጸሎት ግን የለም።

አንድ ጊዜ ከጎረቤታችን ከባንቺአየሁ ቤት ከማኅበር ስንመለስ አላስችል አለኝ።

«ሥርጉት፣ አትጸልይም አይደል?»

«አልጸልይም።»

«ለምን?»

«ሰሚ የለማ።»

ደንግጬ መንገድ ላይ ቆምሁ። «ታዲያ ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ? ዳቦ ልትበዪ?»

«የባንቺአየሁን ዳቦ?» ብላ ሳቀች። «እሱንማ ለዳቦነቱ ብሎ የሚሄድ የለም፤ ጥርስ ይነቅላል።» ከዚያ ሳቋን ዋጠችና እንዲህ አለችኝ፦ «ሰሚ የለም አልሁ እንጂ ሰው የለም አልሁ? ገነነ የሞተ ጊዜ ከመደቡ መነሣት ሲያቅተኝ ጸጉሬን ያጠበችኝ ባንቺአየሁ ናት። አንተ ጤፉን ረስተህ ስትቀመጥ ያጨዱልህ እነሱ ናቸው። ልጄ እንዴት ይሮጥ እንደነበር የሚያውቁ፣ ስሙን የሚያነሡልኝ እነሱ ናቸው። ሰማዩ ዝም ቢለኝ እነሱ ዝም አላሉኝም። ትቻቸው ወዴት ልሂድ?»

ምን መለስሁላት? ተቆጣሁ። ለንስሐ አባታችን እናገራለሁ ብዬ ዛትሁ። አልተናገርሁም። ለእሷ አዝኜ እንዳይመስልሽ፤ የእንዳለው ሚስት ካደች እንዳይባል ነው። የራሴን ስም ስጠብቅ ኖርሁ።

በመጨረሻ ሕመሟ ጊዜ ደግሞ እጄን ይዛ «ልጅቱ እኔን መስላለች፤ አያታለሁ። ብቻዬን ነኝ እንዳትል። እናትሽም እንዲሁ ነበረች፣ ቦታዋን ግን አልተወችም ብለህ ንገራት» አለችኝ። እሺ አልኋት። የሙት አደራ ተቀብዬ፣ አርባዋ ሳይወጣ አደራውን በልቼ፣ የአደራውን ባለቤት አባረርሁ።

እኔ አምናለሁ ልጄ። ይህን አልደብቅሽም፤ ሌላ ሰው መስዬ ልጽፍልሽ አልችልም። ዛሬ ጾም ገብቷል፤ አልበላሁም፤ አንቺን እያነሣሁ ሰግጃለሁ። ግን እናትሽ ካረፈች ወዲህ ራሴን የምጠይቀው አለ። ሌሊት ለኪዳን መነሣት ሲያቅተኝ የሚያስነሣኝ ማን ነው? አምላኬ ነው እላለሁ። ሆኖም ባንቺአየሁ በአጥሩ በኩል ስታልፍ «አያ እንዳለው! ዛሬም ከብርድ ልብስህ ጋር ልትቆርብ ነው?» ባትለኝ ኖሮ ስንቱን ቀን ተኝቼ በቀረሁ። ምናልባት እሱ የሚጠራኝ በእሷ አፍ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ እናትሽ እንዳለችው ሰው ብቻ ይሆናል። አላውቅም። ሁለቱም ከአልጋ ያስነሡኛል። የእኔ እምነት ብቻውን፣ ያለ ሰው፣ በዚያ ባዶ ቤት ውስጥ ስንት ቀን ይቆም ነበር? አንቺን አላመንሽም ብዬ ስገፋሽ፣ እኔ እንኳ እያመንሁ የማልችለውን ብቸኝነት ነው ያሸከምሁሽ።

ትናንት የካቲት ኪዳነ ምሕረት ነበረች፤ ለጾሙም ቅበላ ነበር። ማኅበሩ ባንቺአየሁ ቤት ነበር። ዳቦው ተባርኮ፣ ሰዉ በልቶ ሲያበቃ ተነሣሁ። መቀመጫዬን የለቀቅሁት ሳላስበው ነው።

«የሥርጉትን ቦታ ልጄ ትተካ» አልሁ።

ሙሴያችን፣ የማኅበሩ ሹም፣ ጠላውን አስቀመጠ። «እስከ ዛሬስ ማን ከለከላት?»

«እኔ።»

ሁሉን ተናገርሁ። የበረቱን ነገር፣ የስልኩን ነገር፣ የእናትሽን ነገር። ስናገር ፊታቸውን አላየሁም፤ ምሰሶውን ነው ያየሁት። ጨርሼ ቀና ስል ቄሱ አባ ሃይለ ሚካኤል መስቀላቸውን በጋቢያቸው ውስጥ ይዳብሳሉ።

«እንዳለው፣ ያላመነ ሰው የእመቤታችንን ጽዋ ምን ብሎ ያነሣል?» አሉኝ።

ባንቺአየሁ ከጓዳ ማማሰያዋን እንደያዘች ወጣች። «ሥርጉት ምን ብላ ታነሣ ነበር አባ?»

«አንቺ ታውቂ ነበር?» አልሁ።

«ኧረ አያ እንዳለው! ጸሎት ሲደርስ ዓይኗን የጨፈነች መስሎህ ነው? እኛ ስንጨፍን ወጡ እንዳያርር የምትጠብቅልን እሷ አልነበረችም? ካረፈች ወዲህ ይኸው ያርራል፤ ትበላላችሁ፣ ዝም ትላላችሁ።»

ሙሴው «አንቺስ አለመጨፈኗን በምን አየሽ?» አላት።

«እኔማ ባንድ ዓይኔ ነው የምጨፍን!»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እኔ አልሳቅሁም፤ ከፊቶቹ ላይ አነበብሁት። ሁሉም ያውቁ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት እያወቁ ዳቦ ቆርሰው ሰጥተዋታል፤ እሷም እያወቀቻቸው ተቀብላለች። ምሥጢር ጠባቂ ነኝ ብዬ ስጨነቅ የኖርሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። አንቺን ያባረርሁት ማንም ለማይፈራው ነገር ነው።

አባ ሃይለ ሚካኤል የሰዉ ሳቅ እስኪያልቅ ጠበቁ። እሳቸው አልሳቁም። «ቁርባን አይደለም፤ ዳቦ ነው» አሉ። «ያመነም ያላመነም ይርበዋል። ግን ሳታምን አመንሁ በይ የሚላት ሰው እንዳይኖር። በዚህ ጽዋ ላይ ውሸት አይነገርም።»

ሰማሽ ልጄ? መዋሸት የለብሽም። ያ ሁሉ ያራቀሽ ነገር፣ በቄሱ አፍ ተነሣልሽ።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ የባንቺአየሁ ልጅ የሽዋስ ነው። መንገዱ ለጭነት መኪና ተከፍቷል ይላሉ፤ ከቡሬ በቆሎ ጭኖ ነገ ይወጣል። እናቱ «እጇ ላይ ስጥ፤ ፊቷን ሳታይ ብትመለስ እኔ ቤት እንዳትገባ» ብላዋለች። ከእሱ ጋር የላከችልሽን ዳቦ ውኃ እያስነካሽ ብዪው፤ ጥርስሽን አደራ። መጻፍ ካልቻልሽ አትጻፊ። «አለሁ» ብቻ በይው። እሱ መንገድ ላይ ኔትወርክ ሲያገኝ ለእናቱ ይደውላል፤ ባይደርስም ተመልሶ በአፉ ይነግረኛል። እስከዚያ እኔ ኮረብታው ላይ ነኝ።

እዚያ ያሉትን የጎረቤቶችሽንም በር ምቺ። ተራው የእነሱ ነው አትበይ። «አላምንም፣ ግን ብቻዬን ነኝ» በያቸው። ሁለቱም እውነት ነው። የሚከፍትልሽ አይጠፋም፤ አንዱ ባይከፍት ቀጣዩን። እኔ ራሴ ስንት ዘመን ዘግቼ ይኸው ከፍቻለሁ፤ ከእኔ የባሰ ድንጋይ አሰላ ውስጥ የለም።

የእኔን ምርቃት በልቤ ይዤዋለሁ፤ ለማን እንደምለው ታውቂያለሽ። በወረቀቱ ላይ እናትሽ እንደምትመርቀው ልመርቅሽ። ሰው አይንሳሽ። ደጅሽን የሚመታ እጅ አይጥፋ። ስምሽን የሚጠራ ድምፅ ከቤትሽ አይራቅ። የቴዎድሮስን ስም የሚያነሣልሽ አትጪ። እንቅልፍሽ የሚነቃ እንቅልፍ ይሁን።

አንድ ነገር ቀረኝ። ትናንት ማኅበሩ ሊነሣ ሲል ሙሴው እንደ ልማዱ «ተረኛ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። እኔ የምቀመጠው ከወንዶቹ ጋር በጓዳው በኩል እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከዚያ ተነሥቼ ሄድሁ። በሩ አጠገብ፣ ሦስት ዓመት ማንም ያልተቀመጠበት የእናትሽ ቦታ ላይ ተቀመጥሁ። «የሥርጉት ልጅ አምለሰት» አልሁ። እጄን ዘርግቼ ጽዋውን በስምሽ ተቀበልሁ።

አባትሽ
እንዳለው