ናሙና አሥራ አራት

ኅዳር 13 ቀን 2009 ዓ.ም.
መርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ ጀርባ

ላሳደገችኝ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? እህል ትቀምሻለሽ? የአባባ ዓይን እንዴት ሆነ? እማማስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ በአካል ደኅና ነኝ። ከዚያ ያለፈ ደኅንነት የለኝም፤ አለኝ ብዬም አልዋሽሽም። የዋሸሁሽ ይበቃል።

ለልጅሽ ለሐመልማል ቀብር ባለቤትሽ ወርቁ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ወደ አንቺ ሲመጣ፣ እኔ "ፈተና አለብኝ" ብዬ ቀረሁ። ፈተና አልነበረኝም። ፊትሽን ማየት ፈርቼ ነው። የፈራሁበትን ምክንያት ዛሬ ልንገርሽ።

አምና ጥር ላይ "ቡድኑ ውስጥ ገባሁ!" እያልኩ ከሰባተኛ ሰፈር ጀምሬ ሮጬ የመጣሁበትን ቀን መቼም አትረሺውም። ከዩኒቨርሲቲው ስድስት ተማሪዎች ተመርጠን ነበር። የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች በሲንተቲክ ባዮሎጂ የሚወዳደሩበት ነው ስልሽ "እሱ ደግሞ ምንድን ነው?" አልሽኝ። ባክቴሪያን እንደ ልብስ ፈትተን፣ የምንፈልገውን ሥራ እንዲሠራ አድርገን መልሰን እንሰፋዋለን አልኩሽ። "እኔ አንድ ቀሚስ ማሳጠር አቅቶኛል" ብለሽ ሳቅሽ። ሐመልማልን ከመሬት አንሥተሽ አስጨበጨብሻት።

የእኛ ባክቴሪያ ውሃ ውስጥ እርሳስ ሲያገኝ ቀይ እንዲሆን ነበር የምንሠራው። እርሳስ ስልሽ የሚጻፍበትን አይደለም። ወርቁ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ አውጥቶ የሚያቀልጠውን ነው። መርዝ ነው፤ ትልቅ ሰውን ቀስ ብሎ፣ ሕፃንን ቶሎ የሚጎዳ መርዝ።

መርካቶ የምኖረው እኔ ስለሆንኩ ናሙና ማምጣት የእኔ ሥራ ሆነ። ሃያ ብልቃጥ ሞላሁ። አሥራ አራተኛውን የቀዳሁት ከራሳችን ቤት በርሜል ነው፤ ወርቁ እሳት ከሚያነድበት አምስት እርምጃ የማይርቀው፣ ሐመልማልን የምታጥቢበት፣ የቧንቧው ውሃ በጠፋ ቀን ገንፎዋን የምትሠሪበት።

ሰኔ 9 ቀን ውጤቱን አየን። አሥራ ዘጠኙ ብልቃጥ እንደነበረ ነበር። አሥራ አራተኛው ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ መሰለ። ላብራቶሪው በጩኸት ተናጋ። አስተማሪያችን መምህር በሪሁን ዕንባቸው መጣ፤ "ሠራ! ልጆቼ፣ ሠራ!" እያሉ አንድ በአንድ አቀፉን። እህቴ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

ጁነዲን የሚባል የቡድናችን ልጅ ብቻ አላጨበጨበም። ወደ ጥግ ወሰደኝና "የማን ቤት ውሃ ነው?" አለኝ።

"አላውቃቸውም" አልኩት።

"ልጅ አላቸው?"

"አላየሁም።"

"ዛሬውኑ ሂጂና በርሜሉን ድፉት በያቸው። ልጅ ካለ አንድ ቀን ማደር የለበትም።"

እሺ አልኩት። ማታ ቤት ገባሁ፤ እራት አቀረብሽልኝ፤ በላሁ፤ ምንም አልተናገርኩም።

መምህር በሪሁን ውጤቱ በትልቁ መሣሪያ ሳይረጋገጥ ለሰው ማውራት ሰው ማሸበር ነው ብለው ነበር። እሱን ሰበብ አደረግሁት። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ብነግርሽ በርሜሉ ይደፋል፤ እኔ ደግሞ ከዚያው በርሜል በየሁለት ሳምንቱ መቅዳት ነበረብኝ። ውድድሩ ጥቅምት ላይ ስለሆነ እስከ ጥቅምት ልቆይ አልኩ። ሦስት ዓመት የጠጣችው ላይ ጥቂት ወር ቢጨመር ምን ይሆናል አልኩ። እህቴ፣ ቃል በቃል እንዲህ ብዬ አስቤያለሁ።

ሐምሌ ላይ ሆዷን አመማት። ነሐሴ ላይ የምታውቀውን ቃል መርሳት ጀመረች። "ቴቴ፣ ቴቴ" እያለች ደጅ ድረስ ትቀበለኝ የነበረች ልጅ ዝም ብላ ታየኝ ጀመር። ክሊኒኩ የወስፋት መድኃኒት ሰጣት፤ አንቺ ደግሞ ዓይን ነው አልሽ። እኔ አጠገብሽ ቆሜ ነበር። ካንቀጠቀጣት በኋላ ለጠበል ወደ አባባና እማማ አገር ይዘሻት ስትሄጂ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሻንጣሽን ተሸክሜ ሸኘሁሽ። በመስኮቱ "ጸልዪልን" አልሽኝ። ነገሩ ምላሴ ላይ ነበር። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ተዘጋ። ሥራችንን ድረ ገጹ ላይ የምናስገባበት ቀን ደርሶ ነበር። ፍላሽ ይዘን ከካፌ ካፌ፣ ከሆቴል ሆቴል ዞርን። ቀኑ አለፈ፤ ቡድናችን ከውድድሩ ወጣ። ሐመልማል ያረፈችው በዚያው ሳምንት ነው። ዝምታዬ ለዋንጫ እንኳ አልሆነም። በከንቱ ቀረ።

ባለፈው እሑድ ወርቁ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በር ላይ ጠብቄ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ እጆቹን እያየ "በእነዚህ ነዋ" አለ። አንተ አላወቅህም፣ ያወቅሁት እኔ ነኝ አልኩት። አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ማቅለጫውን ድስት ገልብጦ እላዩ ላይ ተቀመጠ። እዚያው እንደተቀመጠ "ለእሷ እንዳትነግሪያት፤ ትጠላኛለች" አለኝ። ቃል አልገባሁለትም። ከዚያ ቀን ወዲህ እሳት አላነደደም። እባክሽ እሱን አትጥዪው። የምትጠዪው ሰው ከፈለግሽ እኔ አለሁልሽ።

ይቅርታ ልጠይቅሽ አይደለም የጻፍኩት። ጎረቤታችን እትዬ ሐጀራ ከመሄድሽ በፊት በምሥጢር ያጫወትሻትን ነግራኛለች። አንቺ ራስሽ እስክትነግሪኝ በስሙ አልጠራውም። ወደዚህ ግቢ ግን አትመለሺ። ወርቁ ወደ አንቺ ይምጣ እንጂ አንቺ አትምጪ። ከዚህ ይዘሽው የሄድሽውን ልብስ በደንብ እጠቢው። ጤና ጣቢያ ሂጂና "እርሳስ የሚቀለጥበት ግቢ አራት ዓመት ኖሬያለሁ" በያቸው። ካልገባቸው ይህን ወረቀት ስጫቸው፤ ያንብቡት፤ እኔ አላፍርም። ወተት ጠጪ፤ ለራስሽ ብቻ አይደለም። እንስራ አትሸከሚ፤ እማማ ሌላ ሰው ይላኩ።

እግዚአብሔር ያጽናሽ። የሐመልማልን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። የአባባንና የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ለእኔ ባትጽፊ አልቀየምሽም። ሐኪሞቹ ያሉሽን ግን በሰውም ቢሆን ላኪልኝ፤ ሁለታችሁም ደኅና ናችሁ ካሉሽ እሱን ብቻ ላኪልኝ።

ታናሽሽ